ጥርስ ነክሶ መቻል መንጋጋን ሲጎዳ

ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች መካከል እንደ መንጋጋ ብዙ የሚሠራ፣ እንደ መንጋጋም የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ጉልበታችንን ሲያመን ተቀምጠን እናሳርፈዋለን። እጃችን ወለም ሲለው በሻሽ አስረን ከሥራ እናግደዋለን። መንጋጋ ግን ስንበላና ስንጠጣ፣ ስናወራና ስንስቅ፣ ልጅ ስንቆጣና ስናባብል ሁልጊዜ በሥራ ላይ ነው። ሌሊት እንኳ ብዙዎቻችን ጥርሳችንን እያፋጨን ስናሠራው እናድራለን። ይህም ሆኖ የመንጋጋ መገጣጠሚያ የራሱ የሆነ ሕመም እንዳለው የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ሕመሙ አንድ ጊዜ ጆሮ፣ ሌላ ጊዜ ጥርስ፣ አንዳንዴም ብርድ ነው እየተባለ ታማሚዋ ከደጅ ደጅ ስትንከራተት ትከርማለች።

«ታማሚዋ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሕመም ወንዶችንም የሚይዝ ቢሆንም ሴቶችን በብዛት እንደሚያጠቃ፣ ያውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው የሥራና የወሊድ ዕድሜ ላይ እንደሚበረታ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከመቶ ሰዎች መካከል ከ5 እስከ 12 የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። እንግዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት 40 ሠራተኞች ቢኖሩ፣ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ምሳቸውን በአንድ ጎን እያኘኩ፣ ጆሯቸውን እያሹ የሚውሉ ናቸው ማለት ነው።

መንጋጋ እንዴት ይሠራል?

የታችኛው መንጋጋችን ከራስ ቅላችን ጋር የሚያያዘው ከሁለቱ ጆሮዎቻችን ፊት ለፊት በሚገኙ ሁለት መገጣጠሚያዎች ነው። እናቶችና እህቶች፣ ይህን ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሌባ ጣቶቻችሁን ከጆሮ ቀዳዳ በትንሹ ወደ ፊት አሳርፉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከጣቶቻችሁ ሥር አጥንቱ መጀመሪያ ሲዞር፣ ቀጥሎም ወደ ፊት ሲንሸራተት ይሰማችኋል። ጉልበት በአመዛኙ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሲሆን፣ መንጋጋ ግን ይዞራል፣ ይንሸራተታል፣ እንደ ወፍጮም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይፈጫል። ሁለቱም መገጣጠሚያዎች በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንደኛው ሲያነክስ ሌላው ሸክሙን መካፈሉ አይቀርም።

በላይኛውና በታችኛው አጥንት መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ቀጭን ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ ከቦታው ሸርተት ሲል አፍ በተከፈተ ቁጥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ብቻውን፣ ሕመምም ሆነ የአፍ አለመከፈት ከሌለው፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር አይደለም። ብዙ ሰው መንጋጋው ቀጭ ቀጭ እያለ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም ይኖራል። የሚያሳስበው ከድምፁ ጋር ሕመም ሲኖር፣ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ሲል ወይም ተከፍቶ አልዘጋ ሲል ነው። ጤነኛ መንጋጋ ያላት ሴት ብዙውን ጊዜ ሦስት ጣቶቿን አጋጥማ በቁመት በፊት ጥርሶቿ መካከል ማስገባት ትችላለች። ሁለት ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ መገጣጠሚያው ወይም ጡንቻው ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል።

መንጋጋን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከጉንጭ አንሥቶ ከጆሮ በላይ እስካለው የራስ ክፍል ድረስ የተዘረጉ ናቸው። ስለዚህ ጡንቻዎቹ ሲደክሙ ሕመሙ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ወደ ጆሮ ይሄዳል፣ የራስ ምታት ይሆናል፣ መንጋጋ ጥርስን ይጠዘጥዛል፣ ወደ አንገትና ትከሻም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ጆሯችንን አመመን ብለው ወደ እርሱ የመጡ አንዳንድ ሰዎች የችግራቸው ምንጭ መንጋጋቸው እንደሆነ ጽፎ ነበር። ኮስተን ለሕመሙ የሰጠው ማብራሪያ በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም፣ የጆሮን ሕመም የሚያክም ሐኪም መንጋጋንም መመርመር እንዳለበት ማሳሰቡ እስከ ዛሬ ይጠቅማል።

ከጆሮ ጠብታ እስከ ጥርስ ነቀላ

በበኩሌ ይህን ሕመም የተዋወቅሁት በ2017 ዓ.ም. ነው። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ቤተሰባችን ከብዙ ጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። የእናቴ ዕድርተኞችም በየአቅጣጫው ተበታተኑ። የእኔ የሥራ ቦታ ግን እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ ሌሊት ተነሥቶ ልጆች ማዘጋጀት፣ ሁለት ታክሲ መያዝ፣ ማታም በሁለት ታክሲ መመለስ የዘወትር ተግባሬ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም እንዳደረ ሁሉ ዝሎ አገኘው ጀመር። ቀጥሎም የግራ ጆሮዬን ከውስጥ ይጠዘጥዘኝ ገባ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ አዘዘልኝ። ጠብታው አልቆ ሕመሙ አላለቀም። ሁለተኛው ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ ነበር። የመረመረኝ ባለሙያ በግራ በኩል ካሉት የኋላ መንጋጋ ጥርሶች አንዱ እንዲነቀል ሐሳብ አቀረበ። ጥርሱ ቀዳዳ የለውም፣ አይነቃነቅም፣ ድዱም አላበጠም። ራጁ ላይ ምን እንደታየ ብጠይቅ የታየ ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን ሕመሙ በዚያ በኩል ስለሆነ መሞከሩ እንደማይከፋ ተነገረኝ። እኔም አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ጥርስ እንደ ጠብታ ተሞክሮ የሚተው ነገር አይደለም። አንዴ ከተነቀለ አይመለስም።

በማግሥቱ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወጋ፣ አብራን የምትሠራ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ዝም ብላ ጉንጯን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። በቀኝ በኩል ሁለት ጥርስ የለም። በተለያየ ጊዜ በዚሁ ዓይነት ሕመም ምክንያት አስነቅላቸው ኖሯል።

«ታዲያ ተሻለሽ?» አልኳት።

«ጥርሶቹ ሄዱ እንጂ ሕመሙማ እዚሁ አለ» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ የዚህች እናት ነገር ነው። በጤነኛ ጥርስ ምትክ ባዶ ድድ ይዛ፣ በዚያው ድድ ምክንያትም በአንድ ጎን ብቻ እያኘከች፣ የደከመውን መንጋጋ ይበልጥ እያደከመች ነበር።

ከወጌሻው ቤት

እናቴ ሕመሜን ስትሰማ ሁለት ነገር አለችኝ። አንደኛው ተግሣጽ ነበር። «እኔ አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ጥርሴን ነክሼ አይደለም ወይ ያሳደግኋችሁ? አንቺ በመንጋጋ ሕመም ትሸነፊያለሽ?» አለች። ሁለተኛው ግን ርኅራኄ ነበር። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ወደሚኖሩ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ወለምታ ሲያሹ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ወጌሻ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

በአገራችን ወጌሻ ስብራትን በመቃ ወይም በቀርከሃ አስሮ በማቆየት፣ ወለምታን በቅቤ በማሸት፣ ውልቃትን በመመለስ የታወቀ ባለሙያ ነው። ትምህርቱም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ወጌሾች ስብራትን ከልክ በላይ አጥብቀው በማሰራቸው ደም መዘዋወሪያ አጥቶ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በሆስፒታሎቻችን መታየታቸው የአደባባይ ምሥጢር ነው። ስለዚህ ወጌሻን በጅምላ ማመስገንም ሆነ በጅምላ ማውገዝ አይገባም። ዋናው ቁም ነገር ባለሙያው የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየቱ ነው።

እኒህ አዛውንት እጃቸውን ታጥበው በሁለት ጣት ከጆሮዬ ፊት ለፊት ያዙኝና አፌን እንድከፍትና እንድዘጋ አዘዙኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ አልወለቀም» አሉኝ። «የወለቀ መንጋጋ አይገጥምም። አፍሽን ከፍተሽ፣ ለሃጭሽ እየወረደ ነበር የምትመጪው። እኔ የወለቀ እመልሳለሁ፤ ያልወለቀ ግን ብነካው አስወልቀዋለሁ። ሐኪም ይየው።»

እናቴም «አይ አባባ፣ ትንሽ እንኳ ቢያሹላት» ብላ ብትለምናቸው እንቢ አሉ። ለዚያች እንቢታ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የወለቀ መንጋጋን የመመለስ ጥበብ ጥንታዊ ነው። ከ3600 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተጻፈና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ፣ ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን በታማሚው አፍ ውስጥ ከመንጋጋው ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ በሌሎቹ ጣቶች አገጩን ከሥር ይዞ ወደ ቦታው እንዲመልሰው ያዛል። ዛሬም በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሐኪሞች መንጋጋው ተመልሶ ሲገጥም ጣታቸው እንዳይነከስ በጨርቅ ጠቅልለው ያስገባሉ፤ ጡንቻውን የሚያላላ መድኃኒትም ይሰጣሉ። ስታዛጋ መንጋጋዋ ወልቆ አፏ አልገጥም ያላት ሴት ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርባታል። የእኔና የባልደረባዬ ዓይነት ሕመም ግን ውልቃት ሳይሆን ድካም ነው። ድካም ደግሞ በአንድ ግፊት አይመለስም።

አጥንት በእጅ የሚያቀኑት ካይሮፕራክተሮች

በዚህ መካከል በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ ስለ ሕመሜ ስትሰማ፣ «እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ካይሮፕራክተር ዘንድ ሄጄ ተሻለኝ፤ እዚያ የለም ወይ?» አለችኝ። ለመሆኑ ካይሮፕራክተር ምንድን ነው?

ካይሮፕራክቲክ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ በእጅ የሚሠራ ሥራ እንደማለት ነው። ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ክፍለ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው። ፓልመር ለብዙ ዓመታት መስማት የተሳነውን ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የጽዳት ሠራተኛ የጀርባ አጥንቱን በእጅ በመግፋት ጆሮውን መለስኩለት ብሎ ተናግሯል። ከዚያም አልፎ አብዛኛው በሽታ ከጀርባ አጥንት መዛነፍ እንደሚመጣ አስተማረ። ይህን አባባል የዛሬው የሕክምና ሳይንስ አይቀበለውም። ይሁን እንጂ ሙያው ከመሥራቹ አባባል እየራቀ በብዙ አገሮች በትምህርትና በፈቃድ የሚሠራበት ሆኗል፤ በተለይም ለወገብና ለአንገት ሕመም ብዙ ሰው ይገለገልበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ሙሉ ካይሮፕራክተር ለመሆን በአራት ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት ከ4200 ሰዓት ያላነሰ ሥልጠና እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። በአህጉራችን ትምህርቱ በደቡብ አፍሪቃ ይሰጣል። በአዲስ አበባም ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ጥቂት ባለሙያዎች አሉ።

ካይሮፕራክተር መንጋጋን የሚያክመው እንዴት ነው? ጓንት አድርጎ በአፍ ውስጥና ከጉንጭ ውጭ የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ይጫናል፤ መገጣጠሚያውን ቀስ አድርጎ ወደ ታችና ወደ ፊት ይስባል፤ የአንገትንና የትከሻን አቀማመጥ ያስተካክላል፤ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ያስተምራል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም የሚሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ አንዳንድ ካይሮፕራክተሮች አንገትን በድንገት አዙረው «ቀጭ» የሚያደርጉ መሆናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የተባለው የሕክምና መጽሔት ለረጅም ጊዜ የቆየ የመንጋጋ ሕመምን ስለማከም አንድ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው በጥብቅ ከደገፋቸው ሕክምናዎች መካከል በባለሙያ እጅ መገጣጠሚያውን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ፣ የታመሙትን የጡንቻ ነጥቦች መጫን፣ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ የመንጋጋና የአቀማመጥ እንቅስቃሴ፣ ጭንቀትን ለመቋቋም የሚረዳ የሥነ ልቦና ምክር፣ እንዲሁም ሕመሙ አስጊ አለመሆኑን ለታማሚው ማስረዳት ይገኙበታል። ጠንከር ባለ እጅ የሚደረገውን ግፊት የደገፈው ግን በማመንታት ነው። ጥርስን የማይመለስ ለውጥ ውስጥ የሚከቱ መሣሪያዎችንና ንጣፉን በቀዶ ሕክምና ማውጣትን በጥብቅ ተቃውሟል። ማታ ማታ ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ፕላስቲክም ለሕመሙ ያለው ጥቅም አጠራጣሪ መሆኑን አመልክቷል። ጥርሷን በጣም ለምታፋጭ ሴት ግን ጥርሷ ተፍቆ እንዳያልቅ ሊከላከልላት ስለሚችል፣ ስለዚህ ጉዳይ የጥርስ ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ የተሻላት በከንቱ አይደለም። ሆኖም ያሻላት የሙያው ስም ሳይሆን፣ ጊዜ ወስዶ በዝግታ የሠራ እጅና ራሷ በቤቷ የሠራችው እንቅስቃሴ ነው ብዬ አምናለሁ። አንገትን በድንገት ማዞርን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች በአንገት አጥንት በኩል ስለሚያልፉ፣ በድንገተኛ ማዞር የደም ሥር ተሰንጥቆ አንጎል የተጎዳባቸው ሰዎች እንዳሉ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ለመንጋጋ ሕመም ሲባል አንገትን ለዚህ አደጋ ማጋለጥ አያስፈልግም። ካይሮፕራክተርም ይሁን ወጌሻ ወይም የፀጉር ቤት አሻሽ አንገታችሁን በድንገት ሊያዞር ሲል «አንገቴን ተወው» ለማለት አትፈሩ።

ጥርሶችሽ አሁን የት ናቸው?

በመጨረሻ የመንጋጋ ሐኪም አይቶኝ አጥንቴም ጥርሴም ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከኝ። ገና ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የመመዝገቢያ ቅጹን ስሞላ፣ «እኅቴ፣ ጥርሶችሽ አሁን የት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ግራ ቢያጋባኝም ልብ ብዬ ሳየው የላይና የታች ጥርሶቼን ግጥም አድርጌ ነክሻለሁ። የምጽፈው ስሜንና የቤት ቁጥሬን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን ለአንባቢያን ላካፍል። ጥርሶች መገናኘት ያለባቸው ምግብ ሲታኘክና ምራቅ ሲዋጥ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ይገጥማል፣ ጥርስ ይላቀቃል፣ ምላስም ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ላንቃ ላይ ያርፋል። ሐሳብ ሲበዛና እንቅልፍ ሲጎድል ግን ሳናውቀው እንነክሳለን። ለሰዓታት የተጨመቀ ጡንቻ ደግሞ ሙሉ ቀን ቅርጫት እንደተሸከመ ክንድ ይዝላል። እናቴን አስታወስኳት። ጥርስን ነክሶ መቻል በቋንቋችን የጀግንነት አነጋገር ነው። ብዙ እናቶችም በዚያ ጽናት ልጅ አሳድገዋል፤ ይህም የሚያስከብራቸው ነው። ነገር ግን ጽናቱ በልብ ይሁን እንጂ መንጋጋችን ላይ መጫን የለበትም።

ባለሙያዋ ያዘዘችልኝ ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ትንንሽ ቀይ ወረቀት ቆርጬ በኮምፒዩተሬ ጠርዝ፣ በስልኬ ጀርባና በወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር ጥርሴን አላቅቃለሁ፣ ትከሻዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ምላሴን ላንቃዬ ላይ እንዳሳረፍኩ አፌን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ይህንንም በቀን ስድስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስድስት ስድስት ዙር እደግማለሁ። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጨምቄ ጉንጬ ላይ ለ15 ደቂቃ አኖራለሁ። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ከተማ እንዲቆረቆር የፈለጉት የፍል ውሃውን ፈዋሽነት አይተው ነው ይባላል። ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን እንደሚያላላ አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ባለሙያዋ ጡንቻዬን በእጇ ትሠራው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሦስት ጣቴ ገባ። መንጋጋዬ ዛሬም አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል፤ ሕመሙ ግን ሄዷል። ባልደረባዬንም ወደዚያው ልኬያት እየተሻላት ነው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሸንኮራና ማስቲካ ይቆዩ። በምትካቸው ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የምስር ወጥ፣ ሾርባና የበሰለ አትክልት ይበላ። ጉርሻም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይሁን። የሠርግ ቤት ትልቅ ጉርሻ ለታመመ መንጋጋ ፈተና ነው፤ አጉራሿን በትሕትና «እባክሽ አሳንሽልኝ» ማለት ነውር አይደለም። በሁለቱም ጎን ማኘክ ይልመድ። ስታዛጉ አገጫችሁን በእጃችሁ ከሥር ደገፍ አድርጉ። ክር በጥርስ መበጠስ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት፣ ጥፍር መብላት፣ ስልክን በጆሮና በትከሻ መካከል ይዞ ወጥ ማማሰል ሁሉ መንጋጋንና አንገትን ይጎዳሉ። ጫት የሚቅሙ ሰዎችም ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚያኝኩ ለዚህ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። የማስታገሻ ክኒን ለጥቂት ቀናት ሊረዳ ይችላል። ሆኖም ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት እናት ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ሳትጠይቅ መዋጥ የለባትም።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም

በአንጻሩ በቤት ውስጥ የማይታለፉ ምልክቶች አሉ። ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ካለ የጥርስ ወይም የድድ መመረዝ ሊሆን ይችላልና በዕለቱ መታየት ይገባል። ከቁስል በኋላ መንጋጋ ጨርሶ የሚቆለፍ ከሆነ ቴታነስ መሆኑ ያሠጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ጡት መጥባት ካቃተውና ሰውነቱ ከገተረ ነገሩ ይኸው ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ መዘግየት የለበትም። መንጋጋን የሚይዝ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሴቶች ላይ የልብ ሕመም አንዳንዴ በመንጋጋና በጀርባ ሕመም እንደሚገለጽ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜዋ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች እናት ስታኝክ መንጋጋዋን አሟት፣ ራሷንም ካመማትና ዓይኗ ከደበዘዘ ደግሞ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ዓይኗን ለማዳን ፈጥና መታየት አለባት።

ከእነዚህ ውጭ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም ካለ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማሳየት፣ ካስፈለገም ሪፈር ወረቀት ይዞ የፊትና የመንጋጋ ሕክምና ክፍል ወዳላቸው እንደ የካቲት 12ና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች መሄድ ይቻላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በዲግሪ ደረጃ ስለሚሠለጥኑ፣ በሙያው የተማረ ሰው በአገር ውስጥ ይገኛል። ካይሮፕራክተር ዘንድ ለመሄድ የምትፈልጉም ባለሙያው የት እንደተማረና የሥራ ፈቃዱን ከመጠየቅ አትቦዝኑ።

ጥርስ ይነቀል ስትባሉ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ጥርሱ ምን ሆኗል? ራጁስ ምን ያሳያል? የሚያረካ መልስ ካልተሰጣችሁ ሌላ ሐኪም እስኪያያችሁ ድረስ አታስነቅሉ። ዛሬ ማታ ከራት በኋላም ሦስት ጣታችሁን አጋጥማችሁ መንጋጋችሁን ለኩ፤ የልጆቻችሁንና የእናቶቻችሁንም እንዲሁ። ይህን ጋዜጣ በምታነቡበት በአሁኑ ሰዓት ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ከሆነም አላቅቁት።